በሰው አገር የዘመቱ፤ ከማድሪድ እስከ ጎጃም

በ1931 ዓ.ም. ሦስት የአውሮፓ ሰዎች፣ አንዱ ቀድሞ ሁለቱ ተከትለው፣ በሱዳን በኩል ድንበሩን በሥውር ተሻግረው ጎጃም ገቡ። አገሩ ያን ጊዜ ከፋሺስት ጦር ጋር በሞት ሽረት ትግል ላይ ነበር። የእንግዶቹ መልክ የጠላት መልክ፣ የሚናገሩትም ቋንቋ የጠላት ቋንቋ ነበር። ይሁን እንጂ የመጡት አርበኛውን ሊወጉ ሳይሆን የሽምቅ ውጊያን ስልት ሊያስተምሩትና ከጎኑ ሊሰለፉ ነበር። በአማርኛና በጣልያንኛ የምትዘጋጅ ትንሽ ጋዜጣም እያባዙ ያሰራጩ ነበር። የትግል ስማቸው ጳውሎስ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ ስለነበረ «ሦስቱ ሐዋርያት» ተባሉ።

ጳውሎስ የተባለው ኢሊዮ ባሮንቲኒ ነው። በ1890 እ.ኤ.አ. በቶስካና ጠረፍ በምትገኘው በቼቺና የተወለደ፣ በባቡር ሐዲድ ሠራተኛነት ያደገ፣ በሙሶሊኒ አገዛዝ ተሳድዶ አገሩን ጥሎ የወጣ ኮሚኒስት ነበር። ጴጥሮስ የላ ስፔዚያ አካባቢ ሰው ብሩኖ ሮላ፣ ዮሐንስ ደግሞ ከትሪየስቴ አጠገብ የተወለደው ስሎቬናዊ አንቶን ኡክማር ነበሩ። ሦስቱም ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት በስፔን ጦር ሜዳ ከሪፐብሊኩ ጎን ተሰልፈው ፋሺዝምን ተዋግተዋል።

እነዚህን ሰዎች ምን ብሎ መጥራት ይገባል? በሮማ መንግሥት ዘንድ ከሃዲዎች ነበሩ። በለንደንና በፓሪስ ሹማምንት ዘንድ የገለልተኝነትን ሥርዓት የሚያውኩ ሕገ ወጦች ነበሩ። በጎጃም በረሃ ውስጥ ግን ወንድሞች ነበሩ። አንድ ሰው ሦስት ስም ሲሰጠው ስሙን የሚሰጡት ሁሉ እኩል እውነት ሊኖራቸው አይችልም። እንግዲህ የአገሩ መንግሥት ሳያዘምተው፣ ደመወዝም ሳይቆረጥለት በሰው አገር ጦርነት የሚገባን ሰው መንግሥታት በምን ሚዛን ሊመዝኑት ይገባል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል። ጥያቄው ዛሬም መልስ የሚሻ ስለሆነ ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንዲሉ።

የአንድ ዓመት ሁለት እሳት

በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1928 ዓ.ም. ሁለት ጦርነቶችን በአንድ ጉያ ያቀፈ ዓመት ነው። መስከረም 22 ቀን የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የመርዝ ጋዙን ግፍ ከሰሱ፤ ማኅበሩም አቤቱታውን ከሰማ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ በወራሪው ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሳ። ሐምሌ 10 ቀን ደግሞ የስፔን ጄኔራሎች በሕዝብ በተመረጠው የሪፐብሊክ መንግሥት ላይ አመፁ። ሙሶሊኒም ሂትለርም ብዙ ሳይቆዩ ለአማፅያኑ አውሮፕላን ላኩ። ኢትዮጵያን ያቃጠለው እጅ ሳይታጠብ ወደ ስፔን ተዘረጋ።

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ አይደለም። በግራዚያኒ ጦር ውስጥ ሆኖ እስከ ነገሌ የዘለቀው ጄኔራል አኒባሌ ቤርጎንዞሊ በዓመቱ በስፔን ጓዳላጃራ ላይ የሊቶሪዮ ክፍለ ጦርን ሲያዝ ይገኛል። የጦሩ መሪዎች ኢትዮጵያንና ስፔንን እንደ አንድ ዘመቻ ሁለት ምዕራፎች ቢቆጥሯቸው፣ ከወዲያ በኩል የተሰለፉት ጭቁኖችም እንዲሁ ቢቆጥሯቸው የሚያስደንቅ አልነበረም።

የተዘጋው በር

የኢትዮጵያ መወረር ወሬ በዓለም ሲሰማ እጅግ የተቆጣው የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ነበር። በሃርለም፣ በቺካጎና በሌሎችም ከተሞች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ለመዝመት ስማቸውን አስመዘገቡ። መንግሥታቸው ግን በ1818 እ.ኤ.አ. የወጣውን የገለልተኝነት ሕግ ጠቅሶ በባዕድ ጦር ውስጥ የሚመዘገብ ዜጋ እንደሚከሰስ አስጠነቀቀ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ኢትዮጵያን የረገጡት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ከእነዚህም አንዱ ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ የመጣው የቺካጎው አውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰን ነው። ሮቢንሰን በጦርነቱ ጊዜ የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች መርቷል፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ ወጣት አብራሪዎችን አሠልጥኗል፤ በ1946 ዓ.ም. በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፎ አዲስ አበባ ተቀብሯል።

በሩ ሲዘጋ ቁጣው አልጠፋም፤ ሌላ መውጫ ፈለገ እንጂ። ለስድስት ዓመታት በአሜሪካ ጦር ያገለገለው ኦሊቨር ሎው በ1935 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የኢትዮጵያን ወረራ በመቃወም በተደረገ ሰልፍ ላይ ሲናገር ፖሊስ ያዘው። ከሁለት ዓመት በኋላ በስፔን የሊንከን ሻለቃ አዛዥ ሆኖ ነጮችንና ጥቁሮችን በአንድነት እየመራ በብሩኔቴ ውጊያ ወደቀ። በሃርለም ለኢትዮጵያ ሕክምና መሣሪያ ታሰባስብ የነበረችው ነርስ ሳላሪያ ኪ ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. በስፔን ሆስፒታል ቁስለኛ ስታክም ተገኘች። ወደ ስፔን ከሄዱት ሰማንያ የሚያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ብዙዎቹ አስቀድሞ ልባቸው ያዘነበለው ወደ ኢትዮጵያ ነበር። ለእነርሱ የማድሪድ ምሽግ የአዲስ አበባ ምሽግ ተለዋጭ ነበር።

ከሃምሳ በላይ አገሮች የተነሱ 35,000 ያህል ወዶ ዘማቾች በአልባሴቴ ከተማ እየተሰበሰቡ ዓለም አቀፍ ብርጌዶች ተብለው ተደራጁ። ከፈረንሳይ ዘጠኝ ሺህ ያህል፣ ከአሜሪካ 2,800 ያህል፣ ከብሪታንያ 2,500 ያህል ሰዎች ነበሩ። የመርከብ ጫኝ፣ የማዕድን ቆፋሪ፣ ሥራ አጥ፣ መምህር፣ ከአገሩ የተሳደደ አይሁዳዊ፣ ከናዚ እስር ያመለጠ ጀርመናዊ ሁሉ ነበረበት። የጥበብ ሰዎችም አልቀሩም። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ራልፍ ፎክስና ጆን ኮርንፎርድ በ1936 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር፣ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲው ክሪስቶፈር ኮድዌል ደግሞ በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ወደቁ። ፈረንሳይ ድንበሯን ከዘጋች በኋላ የመጡት የፒሬኔ ተራሮችን በሌሊት በእግር ተሻግረው ነው።

እነዚህን ሰዎች ከቤታቸው ያወጣቸው ምን እንደሆነ መረዳት የጉዳዩ ቁልፍ ነው። የጀብዱ ፍቅር የነዳቸው ነበሩ፤ ችጋር የገፋቸው ነበሩ፤ ፓርቲያቸው የላካቸው ነበሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን መንግሥታት ሊሠሩት የሚገባቸውን ሥራ እምቢ ማለታቸው ነው። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን አሳልፎ ባይሰጥ ኖሮ፣ የቺካጎ ሠራተኛ የማኅበሩን ግዴታ በራሱ ትከሻ ለመሸከም ባልተነሳም ነበር። የጋራ ደኅንነት ውል በወረቀት ላይ ሲሞት ተራው ሰው ውሉን በሥጋው ሊፈርም ይነሳል።

የካቲት 1929

በ1936 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር በለንደን ጣልቃ ያለመግባት ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመ። 27 መንግሥታት አባል ሆኑበት። ጀርመንና ኢጣልያም ከአባላቱ መካከል ነበሩ። ኮሚቴው በጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ገለልተኝነት ሲመክር፣ የኢጣልያ መንግሥት በድምሩ ከሰባ ሺህ የማያንስ ሠራዊት ወደ ስፔን አሻግሯል። ሠራዊቱም «የወዶ ዘማቾች ጦር ጓድ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። ከመንግሥት ትእዛዝ፣ መሣሪያና ደመወዝ ተቀብሎ የሚጓዝ ጦርና ቤቱን ጥሎ በሌሊት ተራራ የሚወጣ ሠራተኛ በአንድ ስም ተጠሩ። ስሙ አንድ በመሆኑም ሕጉ አንድ ሆነ።

የብሪታንያ መንግሥት በ1937 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ፣ በ1870 የወጣውን በባዕድ ጦር መመዝገብን የሚከለክል ሕግ በስፔን ዘማቾች ላይ እንደሚሠራ አስታወቀ። አሜሪካ በዜጎቿ ፓስፖርት ላይ ወደ ስፔን ለመጓዝ የማያገለግል መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም መታች። ካናዳና ስዊድንም በዚያው ዓመት የራሳቸውን ክልከላ አወጡ። ኮሚቴውም በበኩሉ ወዶ ዘማቾች ወደ ስፔን እንዳይገቡ የሚከለክለው ስምምነት ከፌብሩዋሪ 20 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. እኩለ ሌሊት ጀምሮ እንዲጸና ወሰነ።

ያ ሌሊት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። በዚያች ሌሊት አዲስ አበባ ትቃጠል ነበር። ከአንድ ቀን በፊት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በመወርወሩ ምክንያት ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ከጣልያን ሲቪሎች ጋር ሆነው ቤት ለቤት እየዞሩ ሕዝቡን በአካፋ፣ በዱላ፣ በጥይትና በእሳት ይፈጁ ነበር። ጭፍጨፋው ሦስት ቀን ቆየ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የታቀፉበት ድርጅት የመዝገብ ስሙ «የብሔራዊ ጸጥታ በጎ ፈቃድ ሚሊሺያ» የሚል ነበር። እነርሱም በወረቀት ላይ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ ማለት ነው።

በእነዚያው ቀናት ከማድሪድ ደቡብ ምሥራቅ በሐራማ ሸለቆ ሌሎች ወዶ ዘማቾች ከተማይቱን ለመክበብ የሚገፋውን የፍራንኮ ጦር በደረታቸው አቁመው ነበር። ኮድዌል የወደቀው በዚያ ነው። ኮሚቴው ለሐራማው ሰው ክልከላ አወጣ፤ ለአዲስ አበባው ግን ክልከላ ቀርቶ የተግሣጽ ቃል እንኳ አልነበረም። ጉድለቱ ከኮሚቴው አባላት ግብዝነት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ሲጠይቅ የኖረው የተሳሳተ ጥያቄ ነበር። ሕጉ የሚመረምረው እግርን ነው፤ ድንበር ተሻገረ ወይስ አልተሻገረም ይላል። እጅ ግን ምን እንደሠራ አይጠይቅም። እግርን ብቻ የሚከስ ሕግ ደግሞ አካፋ የጨበጠውን እጅ ሳያይ ያልፋል።

ዓላማ ብቻውን አይበቃም

ይሁንና ከዚህ ተነስቶ በሰው አገር የዘመተ ሁሉ ጀግና ነው ማለት ስሕተቱን በሌላ ስሕተት መተካት ይሆናል። በፍራንኮ በኩልም ወደው የዘመቱ ነበሩ። የአየርላንዱ ኦይን ኦዳፊ ሰባት መቶ ያህል ሰዎችን ይዞ ለሃይማኖቱ ክብር የቆመ መስሎት ስፔን ገብቶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እርባና ያለው ውጊያ ሳያደርግ ተመልሷል። ከተከተሉት ሰዎች ብዙዎቹ በቅን ልብ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ። ቅንነታቸው ግን የተሰለፉበትን ጎራ ቅን አላደረገውም።

በሪፐብሊኩ ጎራም ቢሆን የተፈጸመው ሁሉ የሚወደስ አልነበረም። በአልባሴቴ የብርጌዶቹ የበላይ የነበረው አንድሬ ማርቲ በጥርጣሬውና በጭካኔው የታወቀ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ሜይ በባርሴሎና ጎዳናዎች ፀረ ፋሺስቶች እርስ በርሳቸው ተታኩሰዋል፤ ከዚያ በኋላም ትናንት ጓድ የተባለ ሰው ዛሬ ሰላይ ተብሎ የታሰረበትና የጠፋበት ጊዜ ነበር። ከዓላማው ታላቅነት የተነሳ ይህን መሸፋፈን ለወደቁት ክብር አይጨምርም። የሰውየው ዓላማ ለምን እንደሄደ ያስረዳል፤ ፍርድ የሚቆመው ግን በሥራው ላይ ነው።

ከምሽግ ወደ አጥር

በ1938 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር የስፔን ጠቅላይ ሚኒስትር ሁዋን ኔግሪን ጄኔቭ ሄደው በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቀረቡ፤ የውጭ ተዋጊዎችን በሙሉ ከሠራዊታቸው እንደሚያስወጡም አስታወቁ። ተስፋቸው ወዲያኛው ወገን የጀርመንና የኢጣልያን ጦር እንዲያስወጣ ዓለም ያስገድደዋል የሚል ነበር። ዓለም አላስገደደም። ኦክቶበር 28 ቀን ብርጌዶቹ በባርሴሎና የስንብት ሰልፍ አደረጉ፤ ሕዝቡ አበባ እየበተነ ሸኛቸው። በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል ሪፐብሊኩ ወደቀ።

አገር ያለው ወደ አገሩ ተመለሰ። የሚመለስበት አገር የሌለው ጀርመናዊ፣ ጣልያናዊና ኦስትሪያዊ ግን የፈረንሳይን ድንበር ሲያልፍ የጠበቀው የሽቦ አጥር ነበር። በጉርስና በሌ ቬርኔ ካምፖች ታጎረ። በ1940 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ በተሸነፈች ጊዜ በእነዚህ ካምፖች የቀሩት ፀረ ፋሺስቶች ከፊሎቹ በሰሐራ አፋፍ ወደሚገኝ ካምፕ ተጋዙ፤ ከፊሎቹም ሲሸሹት ለነበረው ጠላት ተላልፈው ተሰጡ።

ወደየአገራቸው የተመለሱትም ቢሆኑ አቀባበላቸው ብዙ አልተሻለም። ስዊዘርላንድ ከስምንት መቶ ያህል ዘማቾቿ ከአራት መቶ በላይ የሚሆኑትን በወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀጣች። ሆላንድ በባዕድ ጦር ማገልገላቸውን ምክንያት አድርጋ ዜግነታቸውን ገፈፈች። በአሜሪካ የስፔን ዘማቾች ጊዜው ሳይደርስ ፀረ ፋሺስት የሆኑ ተባሉ፤ ፋሺዝምን ለመጥላት የመንግሥት ፈቃድ የሚጠበቅበት ሰዓት ያለ ይመስል። ከእነርሱ አንዱ ሮበርት ቶምፕሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኒው ጊኒ ላሳየው ጀግንነት የአገሪቱን ሁለተኛ ከፍተኛ የጦር ሜዳ መስቀል ተሸለመ፤ በኋላ ግን በኮሚኒስትነቱ ታሰረ። በ1965 እ.ኤ.አ. ሲሞት በአርሊንግተን የወታደሮች መቃብር እንዳያርፍ ተከለከለ፤ ክልከላው የተሻረው ከሦስት ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ነው።

እነዚሁ የተጠረጠሩ ሰዎች የፋሺዝም ጦርነት አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ ምን እንደሠሩ መመልከት ይገባል። በሐራማ የብሪታንያን ሻለቃ ያዘዘው ቶም ዊንትሪንግሃም በ1940 እ.ኤ.አ. የጀርመን ወረራ በሚጠበቅበት ሰዓት ለሲቪል አገር ጠባቂዎች በኦስተርሊ የሽምቅ ውጊያ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የጦር ሚኒስቴሩም ጥቂት ወራት ሳይቆይ ትምህርት ቤቱን የራሱ አደረገው። ኦገስት 1944 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አካባቢ የነፃነት ተዋጊዎቹን ያዘዘው አንሪ ሮል ታንጊ የስፔን ዘማች ነበር። በ1945 እ.ኤ.አ. ዩጎዝላቪያን ነፃ ያወጡትን አራቱንም ሠራዊቶች የመሩት ኮቻ ፖፖቪች፣ ፔኮ ዳፕቼቪች፣ ኮስታ ናጅና ፔታር ድራፕሺን ሁሉም በስፔን የተፈተኑ ነበሩ። የተከሰሱበት ዕውቀት የአውሮፓ ነፃነት መሣሪያ ሆነ።

ይቅርታው ግን እጅግ ዘገየ። ስፔን ለብርጌዶቹ አባላት ዜግነት የመስጠት ውሳኔ ያሳለፈችው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ስዊዘርላንድ የዘማቾቿን ቅጣት በሕግ የሰረዘችው በ2009 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያን ጊዜ በሕይወት የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

የዘመናችን ፈተና

የውጭ ተዋጊዎች ጉዳይ በዘመናችን ዳግመኛ የተነሳው እጅግ በተለየ መልክ ነው። በሶርያና በኢራቅ «እስላማዊ መንግሥት» ነኝ ያለው ቡድን በተስፋፋባቸው ዓመታት፣ በተባበሩት መንግሥታት ግምት መሠረት፣ ከ110 በላይ አገሮች የተነሱ ከ40,000 በላይ ሰዎች ወደዚያ ተጉዘዋል። የስፔኑንና የዚህን ቡድን ዓላማ ማመሳሰል በወደቁት መቃብር ላይ መሳለቅ ይሆናል። አንደኛው ወገን ለተመረጠ መንግሥትና ለሰው ልጆች እኩልነት የዘመተ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያዚዲ ሴቶችን በባርነት የሸጠ ነው። ኢትዮጵያውያንም ግፉን በሩቅ የሚሰሙት አይደለም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በረሃና ጠረፍ ስደተኛ ልጆቻቸው በዚሁ ቡድን ሲታረዱና ሲረሸኑ አይተው፣ እንባቸውን በየአደባባዩ አፍስሰዋል።

ሆኖም ዓላማው የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም የመንግሥታት ጥያቄ አንድ ነው፤ የሄደውን ሰው ምን እናድርገው የሚል። የጸጥታው ምክር ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው 2178ኛ ውሳኔ መንግሥታት ለሽብር ተግባር መጓዝን ወንጀል እንዲያደርጉ አዘዘ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ2396ኛ ውሳኔው ከክስ ጎን መልሶ ማቋቋምንና ወደ ኅብረተሰቡ መቀላቀልን ጨመረ። የቡድኑ የመጨረሻ ይዞታ ባጉዝ በማርች 2019 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ በሰሜን ምሥራቅ ሶርያ በአል ሆል ካምፕ ብቻ ከሰባ ሺህ በላይ ሰዎች ተከማቹ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ጉርስና ሌ ቬርኔ በሌላ አሸዋ ላይ ተደገሙ ማለት ይቻላል፤ በልዩነት ረገድ ግን በአጥሩ ውስጥ የነበሩት ብዙዎቹ ጠመንጃ ቀርቶ እርሳስ በቅጡ ያልጨበጡ ልጆች መሆናቸው ነው።

የመንግሥታቱ መልስ ተለያየ። ብሪታንያን የመሰሉት የአንዳንዶቹን ዜግነት ገፈፉ። ይህ ውሳኔ ለጊዜው የሕዝብን ቁጣ ያበርድ ይሆናል፤ ሰውየውን ግን ከምድር አያጠፋውም፤ ከራስ ደጅ ወደ ጎረቤት ደጅ ያሻግረዋል እንጂ። ያውም ወደ ደኸየና በጦርነት ወደ ፈረሰ ጎረቤት። ካዛክስታን በአንጻሩ በ2019 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ከአምስት መቶ በላይ ዜጎቿን፣ በብዛት ሕፃናትን፣ ወደ አገራቸው መለሰች፤ ወንዶቹን ለፍርድ አቀረበች፤ እናቶችንና ልጆችን በማገገሚያ ማዕከል ተቀበለች። በዴንማርክ የኦሁስ ከተማ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤት በአንድነት ሆነው ከሶርያ የተመለሱ ወጣቶችን፣ ወንጀል የተገኘበትን ለክስ፣ ያልተገኘበትን ለትምህርትና ለሥራ የሚመሩበትን አሠራር ዘረጉ።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው በ2021 እ.ኤ.አ. በጀርመን በሙኒክ የተሰጠው ፍርድ ነው። ወደ ቡድኑ ተጉዛ የነበረች ጀርመናዊት በባርነት የተያዘች የአምስት ዓመት ያዚዲ ሕፃን በፀሐይ ታስራ በውሃ ጥም ስትሞት ዝም ብላ በማየቷ ተከሳ እስራት ተፈረደባት። የሕፃኗ እናት በችሎት ቆማ መሰከረች። ችሎቱ ሴትዮዋ የቡድኑ አባል በመሆኗ ብቻ አልተወሰነም፤ አንዲት ሕፃን በአንድ ግቢ ውስጥ እንዴት እንደሞተች እስከ መጨረሻው መረመረ። ዜግነቷን ገፍፎ በረሃ ላይ መተው ቢመረጥ ኖሮ ለዚያች እናት ማን በጠየቀላት ነበር? ያችን ሴት ወደ አገሯ መመለስና እዚያው ለፍርድ ማቅረብ ለተበዳይዋ የተደረገ ፍትሕ ነው እንጂ ለበዳይዋ የተደረገ ምሕረት አይደለም።

ከታሪኩ የሚገኘው

ከማድሪድ፣ ከጎጃምና ከአል ሆል የሚገኘው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሰው በሰው አገር ጦርነት የሚገባው ብዙውን ጊዜ መንግሥታት አይተው ዝም ያሉት ግፍ ሲኖር ነው፤ ክፍተቱን ሕግና ፍትሕ ካልሞሉት ወዶ ዘማች ይሞላዋል፤ ከወዶ ዘማቹም ጋር ነጣቂው ይገባል። ሁለተኛ፣ ፍርድ ለእያንዳንዱ ሰው በነፍስ ወከፍ፣ በሠራው ሥራ ይሰጥ፤ የገደለና ያቆሰለ፣ የዘረፈና የደፈረ በማስረጃ ይቀጣ፤ ቁስለኛ ያከመ፣ ተታልሎ የሄደ፣ በእናቱ ጀርባ የተጓዘ ሕፃን ከነፍሰ ገዳይ ጋር በአንድ ገመድ አይታሰር። ሦስተኛ፣ ዜግነት ለተወደደ የሚሰጥ ለተጠላ የሚነሣ ሽልማት አይደለም፤ አገር ጥፋተኛ ልጇንም በራሷ ችሎት ትዳኝ። አራተኛ፣ የመመለሻው መንገድ ክፍት ይሁን፤ መመለሻ የሌለው ሰው እስከ መጨረሻው ጥይት ይዋጋልና።

ይህ መንገድ ከባድ ነው። ማስረጃን ከፈራረሰ ከተማ መልቀም፣ ምስክርን ከስደተኞች ካምፕ ማምጣት፣ ከተመለሰ ሰው ጋር ለዓመታት መድከም ይጠይቃል። አደጋም አለው፤ ከተመለሱት መካከል ጥፋት ያደረሱ አልጠፉምና። በአንድ ማኅተም ሺህ ሰው መኮነን ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ነገር ግን በ1937 እ.ኤ.አ. የነበሩት መንግሥታት የቀለለውን መንገድ መርጠው፣ ኦሊቨር ሎውን ሕገ ወጥ ብለው አዲስ አበባን ላቃጠሉት በጎ ፈቃደኞች ዓይናቸውን ጨፈኑ። የቀለለው መንገድ የት እንዳደረሳቸው 1939 እ.ኤ.አ. መሰከረ።

ሦስቱ ሐዋርያት በ1940 እ.ኤ.አ. ከጎጃም ወጡ። ባሮንቲኒ በኋላ በኤሚሊያ ተራሮችና ከተሞች የጣልያንን ፓርቲዛኖች አደራጀ፤ ኡክማር ከጄኖዋ በላይ ባሉት ተራሮች ተዋጊዎችን አዘዘ። ፋሺዝም ሲወድቅ ከሃዲ ይባል የነበረው ባሮንቲኒ በሮማ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተቀመጠ፤ በ1951 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ ሞተ። እግሩ ሕግ የጣሰባቸው ድንበሮች ብዙ ነበሩ፤ ከፈረንሳይ ወደ ስፔን፣ ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ። የጎጃም አርበኛ ግን ሰውየው በየትኛው በር እንደገባ አልጠየቀም፤ ምን ሊሠራ እንደመጣ ጠየቀ፤ ሲሠራም አየ፤ ከዚያም ጳውሎስ ብሎ ጠራው። ጄኔቭና ለንደን ያልደረሱበትን ፍርድ አርበኛው በጫካ ውስጥ ፈርዶት ነበር።